ማይክራፎኑ ሲዞር

እናንተዬ፣ በእኛ በደብረ ማርቆስ ሰው መወደዱን በምን የሚያውቅ ይመስላችኋል? በመነቀፉ ነው። ሰው ቤት በእንግድነት ሄደን ወጡ ጨው ቢበዛበት «እጅሽ ይባረክ» ብለን ጥርግ አድርገን እንበላለን፤ እናታችን ቤት ግን ጨው ሳይበዛም «ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?» እንላለን። የሚወድህ ያስለቅስሃል ይባል የለ? ይኼ ጠባያችን ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር፤ የድረ ገጽ ባለሙያዎች ጉባኤ ወደ ከተማችን እስኪመጣ ድረስ።

አስተባባሪው ከአዲስ አበባ የመጣ ደግ ሰው ነው። ጠዋት ላይ፣ በመጨረሻ ማይክራፎን እየዞረ አስተያየት እንደሚሰጥና ታዳሚው ንግግሩን ይበልጥ የወደደለት ተናጋሪ በአዲስ አበባው ትልቅ ጉባኤ ላይ እንዲያቀርብ እንደሚጋበዝ ነገረን። ሁላችንም ዞር ብለን ስንዱን አየናት። ስንዱ እኔ በማስተምርበት ኮሌጅ ኮምፒውተር የምታስተምር የከተማችን ልጅ ናት፤ ያንን መድረክ ስትመኝ መኖሯን የማያውቅ አልነበረም።

በመጀመሪያ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳ ስለ ድረ ገጽ ፍጥነት ተናገረ። ለማሳያ ብሎ የከፈተው የራሱ ድረ ገጽ ግን ንግግሩ አልቆም አልተከፈተም። ቀጥላ ስንዱ ተነሣችና ከከተማችን ወጣ ብሎ ኔትወርኩ በሚያነክስበት በቁይ ገበያ፣ ያውም በአሮጌ ስልክ፣ የሚከፈት ድረ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ ዓይናችን እያየ ሠርታ አሳየችን። ነካችው፤ ተከፈተ። እኔን ኩራት ሊያፈነዳኝ ደረሰ።

ከዚያ ማይክራፎኑ ዞረ። ለእንግዳው ያልወረደ ምርቃት የለም፤ አንዱ «ዓይኔ በራ» ይላል፣ ሌላው «እንዲህ ያለ ትምህርት ሰምቼ አላውቅም» ይላል። ያልተከፈተውን ነገር ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም፤ በእንግዳ ፊት ነውር ነዋ። ስንዱ ላይ ስንደርስ ግን እጅጌያችንን ሰበሰብን። ድምፅሽ አነሰ፣ ቸኮልሽ፣ ፊደሉ ደበዘዘ፤ እኔም ተነሥቼ መግቢያሽ ረዘመ አልኳት። እሷ አንገቷን እየነቀነቀች በፈገግታ ሰማችን፤ ያደገችበት ነው። አስተባባሪው ግን እዚህ አላደገም። እንግዳውን ጋበዘው።

ሮጠን ሄደን ልናስረዳው ሞከርን። «የነቀፋችኋት እናንተው አይደላችሁ እንዴ?» አለን። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው ይባላል፤ የኛው ደግሞ በማግስቱ ስለሄደ ወርቅነቱን እንደያዘ አባይን ተሻገረ።

በዓመቱ ጉባኤው ተመልሶ ሲመጣ፣ ለስንዱ ሳንነግራት ተማክረን ጠበቅን። ስንዱ ተናግራ ስትጨርስ ማይክራፎኑ ዞረ፤ እኛም ጥርሳችንን ነክሰን አሞገስናት። እንከን የለሽ ነው፣ ግሩም ነው፣ የሚጨመርም የሚቀነስም የለው። አስተባባሪው እዚያው መድረክ ላይ ጋበዛት፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ።

እንኳን ደስ አለሽ ልላት ስጠጋ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የደስታ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሁላችሁም እንደ እንግዳ የምታዩኝ?»

ግራ ቀኝ አይቼ፣ አስተባባሪው አለመስማቱን አረጋግጬ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ።

«መግቢያሽ ዛሬም ረዝሟል» አልኳት።

ይኼኔ ሳቀች።