ባለፈቃድ መርዶ ነጋሪ

ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ያለው ሰው ፈቃድ እንዳልነበረው ግን እርግጠኛ ነኝ። እኔ ይህንኑ የሰውን መድኃኒትነት ልማር ብዬ በዲግሪ ላይ ማስተርስ ደርቤ፣ ዓይኔ እስኪፈዝ አንብቤ፣ በስንት መከራ ተመርቄ ብወጣ "ገና ነሽ" ተባልኩ። ክሊኒካል ሶሻል ወርከር ለመባል ከምርቃት በኋላ ደግሞ ፈቃድ ባለው ሰው ሥር ሆነሽ፣ እያየሽና እየታየሽ ትሠሪያለሽ፤ ያ ሰው "በቅታለች" ብሎ ሲፈርምልሽ ነው ፈቃዱ የሚሰጥሽ። እናንተ እንግዲህ ጎረቤት ሲያዝን ዘው ብላችሁ ገብታችሁ "አይዞሽ" የምትሉ ሁሉ፣ ያለ ፈቃድ እየሠራችሁ እንደሆነ ዕወቁት።

ካርቱም ላለው ሐበሻ ይህን ነገር ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። "ሩኽሳ ላወጣ ነው" ስላቸው መንጃ ፈቃድ መስሏቸው ያልገዛሁትን መኪና የመረቁልኝ አሉ። ክሊኒክ መዋሌን የሰሙት ደግሞ "ሲስተር" ይሉኝ ጀመር፤ ጀሪፍ የተከራየሁበት ግቢ ድረስ ግፊት ልትለካ የመጣች ሴት ነበረች። መርፌ እንደማልወጋ፣ ኪኒን እንደማልሰጥ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ሲነግረኝ እኔም ቁጭ ብዬ እንደማዳምጥ ነገርኳት። "እና ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?" አለችኝ። ክፋት አልነበራትም፤ ከልቧ አዝናልኝ ነው።

የምትፈርምልኝ ዶክቶራ ሰልማ የምትባል ሱዳናዊት ነበረች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ሕጎቿ ግን ብዙ ናቸው። ምክር አትስጪ። የራስሽን ታሪክ አታውሪ። አትቀፊ። ቤታቸው ሄደሽ አትብዪ። ዝም ሲሉ አብረሽ ዝም በዪ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ሐበሻ ሴት ፊቷ ሰው እያለቀሰ አትምከሪ፣ አትቀፊ ከተባለች እጇንስ የት ታድርገው? እኔ ጭኔ ሥር እቀመጥበት ነበር። ከሕጎቿ ሁሉ አጥብቃ የያዘችው ግን አንዱን ነው። ስለ አንዲት ሴት የምታውቂውን ነገር ደብቀሽ ፊቷ አትቀመጪ ትለኛለች፤ አፍሽ ባይዋሽ ፊትሽ ይዋሻል።

በዚህ መሀል ዘይነባ መጣች። ስሟን ቀይሬዋለሁ፣ ታሪኩን እንዳወራም ፈቅዳልኛለች፤ ባለፈቃድ ነኝ አልኳችሁ እኮ። ወሎዬ ናት፣ ካርቱም ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች። ራሷን እያመማት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲላት ሐኪሙ መርምሮ ምንም በሽታ ቢያጣባት ወደ እኔ ላካት። ጁምዓ ጁምዓ እየመጣች ከፊቴ ትቀመጣለች። ከአንደበቷ ቃል ማውጣት ጭንቅ ነው፤ ስለ እናቷ ሲሆን ብቻ ፊቷ ፈታ ይላል። አንድ ጁምዓ ግን መሬት መሬት እያየች "እዚህ መምጣት ሳልጀምር ጀምሮ ብደውል እናቴን አላገኛትም። ወንድሜ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች ይለኛል" አለችኝ።

እናንተ ሐበሻ ናችሁና ይህን ስትሰሙ ነገሩ ገብቷችኋል። እኔም ገብቶኝ ነበር። ግን የምጠረጥረውን ሁሉ መናገር ሙያዬ አይደለም፤ እንደተማርኩት "ይህን ሲልሽ ምን ተሰማሽ?" ብዬ ጠየቅኳት። "ምንም" አለችና ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ጥርጣሬዬ ብዙ አልቆየም። ሐጃ ሉባባ ሱቅ ዐረቢ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ፣ የካላክላ ሰፈር ወሎዬዎች ሁሉ እናት የሆነች ሴት ናት። አስጠራችኝና ከከረጢቶቿ ኋላ አስቀምጣኝ፣ የዘይነባ እናት መሞቷን፣ መቀበሯንም፣ ቤተ ሰቡም ለጊዜው እንዳይነገራት አደራ ማለቱን ነገረችኝ።

"አንቺ ጋ ትመጣለች አይደል?"

"ትምጣ አትምጣ መናገር አልችልም" አልኳት፣ በሕጉ መሠረት።

"አትናገሪያ። ወደ አንቺ የሚመጣው ሐፍላ፣ አውቶቡሱ ላይ የማሳፍራት እኔ ነኝ።"

የምትፈልገው ቀስ እያደረግሁ እንዳዘጋጃት ነበር። እስከ ዒድ ድረስ ዘይነባ ኢጃዛ፣ የዕረፍት ፈቃድ፣ የላትም፤ ያለ ዕረፍት መርዶ ከተነገራት በሰው ቤት ወጥ ቤት ብቻዋን ቆማ ልታለቅስ ነው። ሐጃ ሉባባ ይህን ከመሬት ተነስታ አላለችውም። እንደ ልጆቿ ከምታያቸው ሴቶች አንዷ ልብስ እየተኮሰች የአባቷን ሞት በስልክ ሰምታ፣ ተኩሳ እስክትጨርስ እንባዋን ይዛ ውላለች። ከዚያ ወዲህ ሐጃ ምላለች። መርዶ ሰው ባለበት፣ ደግፎ የሚይዝ እጅ ባለበት እንጂ እንዲያው አይነገርም፤ ቀድሜ ብናገርም እኔና እሷ ኸላስ፣ ተለያየን ማለት ነው።

ሄጄ ለዶክቶራ ነገርኳት። የእኛን የመርዶ ወግ በትዕግሥት አዳመጠችኝና፣ የሚመጣው ጁምዓ እያወቅሽ እንዳላወቀ ሰው ብትቀመጪ አልፈርምልሽም አለች። በአንድ በኩል ፈቃዴ፣ በሌላ በኩል ወገኔ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያውን ቀን ያስጨነቀኝ የፈቃዱ ነገር ነው። ሲያድር ግን የዘይነባ ፊት መጣብኝ። ካርቱም ውስጥ እውነት የሚነገርበት ክፍል አለ ብላ ያመነችው የእኔን ክፍል ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ከዋሸኋት ወዴት ትሄዳለች? እዚያው ብነግራትስ፣ ከእኔና ከወንበሩ በቀር ማን ይይዛታል?

ተመልሼ ሱቅ ዐረቢ ወረድኩ። "ሐጃ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አልኳት። "መርዶ በሽታ አይደለም፣ ልጄ" አለችኝ። እንዲህ ስንከራከር ዋልን። ሽሮ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ፍርድ ሰጥቶ ይሄዳል። በመጨረሻ ከሁለታችንም የሚበልጥ ሐሳብ ተገኘ፤ ይነገራት፣ ግን ሰው መሀል፣ ያውም ኢጃዛ ተለምኖላት። አሠሪዋን ሄጄ ላናግር አልችልም፤ ሕጉ አፌን ይዞታል። ሐጃ ሉባባን ግን የሚይዝ ሕግ ገና አልወጣም። ቶቧን ተከናንባ ሄደች። ከቤቱ እመቤት የከፋ ነገር ጠብቃ ነበር፤ መዳሟ ግን ሰምታ "እናቷ የሞተችባትን ልጅ ሳህን አላሳጥብም" ብላ ሳምንት ሙሉ ሰጠቻት። ሐጃ እስከ ዛሬ ድረስ ለጠብ ያዘጋጀችው ንግግር ሳይነገር መቅረቱ ይቆጫታል።

ጁምዓ ጠዋት ካላክላ፣ ሐጃ ሉባባ ቤት ተሰበሰብን። ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ከበሩ አጠገብ ውኃ ተቀድቷል። ዶክቶራም ልይሽ ብላ መጥታ ጥግ ይዛለች። ተማርሽ ተብዬ ነጋሪነቱ ለእኔ ተሰጥቷል። በመጽሐፉ መሠረት ቃል መርጬ፣ የትኛውን ቀድሜ እንደምል አጥንቼ ገብቻለሁ።

ዘይነባ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ሴቶቹን አየች፣ ውኃውን አየች፣ እኔን አየች።

"ዛሬ ልትነግሩኝ ነው?" አለች፣ በቀስታ።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። "እናትሽ ሞታለች፣ ዘይነባ" አልኳት።

"አውቃለሁ። ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች ያለኝ ቀን ነው ያወቅሁት። እናቴ እግሯ ከተያዘ ወዲህ ከደጅ ወጥታ አታውቅም።"

ሐጃ ሉባባ አፏን በቶቧ ያዘች። "ታዲያ ምነው ዝም አልሽን፣ ልጄ?"

"ያልተነገረኝን እንዴት ላልቅስ፣ ሐጃ? ስትነግሩኝ ብዬ ጠበቅኋችሁ እኮ።"

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። ልብ ካለቀሰ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሷ ልብ ስንት ሳምንት ብቻውን ሲያለቅስ ኖሮ፣ እንባው የእኛን ፈቃድ ይጠብቅ ነበር። እኛ እስክትበረታ ጠበቅናት፣ እሷ ደግሞ እስክንደፍር ጠበቀችን፤ የራስ ምታቷም ይኸው ነበር። ወደቀች፣ ያዝናት። እኔም አቅፌያት ስነፋረቅ አረፈድኩ። ዶክቶራ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ፋቲሃ ቀራች፣ ምንጣፉ ላይ ወርዳ ተቀመጠች፣ የቀረበውንም ገበታ ከእኛው ጋር በላች። በአንድ ጠዋት ስንት ሕግ እንደፈረሰ ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም።

ስንመለስ ዶክቶራ መኪናዋ ውስጥ "አለቀስሽ" አለችኝ።

"አዎ።"

"ለእሷ ነው ለራስሽ?"

"በእሷ ጀምሬ በእናቴ ጨረስኩ" አልኳት። ወገኖቼ፣ ሰው ቤት ለቅሶ ሄዶ የሰውን ብቻ አልቅሶ የሚመለስ ማን አለ? ዶክቶራ መንገዱን እያየች እሷም እናቷን እንዳለቀሰች ነገረችኝ። ብዙም ሳትቆይ ፈረመችልኝ።

ፈቃዱ በእጄ በገባ ሰሞን ሐጃ ሉባባ ክሊኒክ ድረስ መጣች። ገብታ በሩን ራሷ ዘጋችው። "ወንድሜ ደሴ ታሟል። የእሱ ነገር ከመጣ ሴቶቹ ቀስ እያልን እንንገራት ይሉሻል። እንዳትሰሚያቸው፣ ቀጥ ብለሽ መጥተሽ ንገሪኝ" አለችኝ። ለዘይነባ ያለችውን ላነሳባት ስል "እሷ ልጅ ናታ" ብላ አቋረጠችኝ። ከእሷ በኋላ እነዚያ ምንጣፉ ላይ የነበሩት ሴቶች ተራ በተራ፣ አንዷ ከሌላዋ ተደብቃ መጡ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ ለሌላዋ ቀስ በዪላት፣ ለእኔ ግን እንዳትደብቂኝ። እሺ አልኩ፣ ምን እላለሁ።

ጉዱ ከዚያ በኋላ መጣ። ሱቅ ዐረቢ ብቅ ስል ሐበሻው ሁሉ ሰላም ከማለቱ በፊት ፊቴን ያነብብ ጀመር። ሻይ ልጠጣ የቀረብኩት ሰው "ማን ነው?" ይለኛል፣ የሞተውን ማለቱ ነው። ስለዚህ ገና ከመንገዱ ማዶ ጥርሴን ማሳየት ለመድኩ፤ በፀሐይ፣ በአቧራ፣ ደክሞኝም ቢሆን እየሳቅሁ ነው የምገባው።

አንድ ጠዋት ሳልስቅ ገባሁ። ሴቶቹ ከኋላዬ ነበሩ። ሐጃ ሉባባ ከሩቅ አየችኝ፤ የሽሮውን ከረጢት አፉን አሰረች፣ አጠገቧ ያለውን በርጩማ በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችልኝና "ነይ፣ ልጄ፣ ተቀመጪና ንገሪኝ" አለችኝ።