የጄኔራሉ ጆሮና ጭራ

[የእንስሳት ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል። ሰፈሩ «ሊቁ» የሚለው ሰውዬ፣ ስሙ ሹፈት መሆኑን ያልሰማው እሱ ብቻ ነው፣ አግዳሚው ላይ ተንሰራፍቷል። አጠገቡ የሚስቱ ታናሽ ወንድም «ፈዛዛው» አናቱ ላይ «ጆሮና ጭራ ለማስቆረጥ» የተጻፈበት የምዝገባ ካርድና እስኪርቢቶ ይዟል። እግራቸው ስር ጆሮው የተንጠለጠለ ውሻ ጭራውን ይቆላል።]

ሊቁ፦ ጭራ ትርፍ ነገር ነው አልኩህ እኮ!

ፈዛዛው፦ ትርፍ ከሆነ ለምን አንድ ብቻ ተሰጠው ጋሼ?

ሊቁ፦ ኤዲያ! ዝም ብለህ ጻፍ። ሊቅ ያስጽፋል እንጂ አይጽፍም።

ፈዛዛው፦ እኔ እኮ መነጽርዎን ረስተው መስሎኝ ነው።

ሊቁ፦ ጻፍ!

ፈዛዛው፦ «የታማሚው ስም» ይላል። ቡቺ ልበል?

ሊቁ፦ ጄኔራል በል! ጆሮው ተቆርጦ ቀጥ ሲል፣ ጭራው ሲያጥር፣ ማን ደፍሮ ነው ቡቺ የሚለው?

ፈዛዛው፦ አያመውም?

ሊቁ፦ መርፌ ይወጋና እንደ አንተ ይፈዛል።

ፈዛዛው፦ ሲነቃስ?

ሊቁ፦ ሲነቃ አምሮበት ያገኘዋል።

ፈዛዛው፦ መስታወት ይሰጡታል?

ሊቁ፦ [ጣሪያውን እያየ] ጌታዬ፣ ምን በድዬህ ነው ከዚህ ጋር ያዛመድከኝ? ስማ! «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲባል አልሰማህም? ባዳ ቢቆረጥ ባለቤቱ ምን ቸገረው!

ፈዛዛው፦ [ውሻውን እያሻሸ] ጭራው ከሄደ ግን፣ ስመጣ ደስ እንዳለው በምን አውቃለሁ? እዚያ ቤት ስገባ ደስ የሚለው እሱ ብቻ ነው።

ሊቁ፦ ደብዳቤ ይጽፍልሃላ! ቀጥል።

[ፈዛዛው ካርዱ ላይ አቀረቀረ።]

ፈዛዛው፦ «ሕመሙ ምንድን ነው?»

ሊቁ፦ የምን ሕመም? ጤናው እንደ ብረት ነው!

ፈዛዛው፦ ባዶ መተው ክልክል ነው ይላል። ታዲያ በዚህ ጆሮ የሚሰቃየው ማነው?

ሊቁ፦ እኔ ነኛ! ጎረቤቴ ያንን ጆሮው ቀጥ ያለ ውሻ ካመጣ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፣ እህል አልወረደልኝም። የኔን ሲያይ ከት ብሎ ይስቃል!

[ፈዛዛው አንድ ቃል ሰርዞ ሌላ ጻፈ።]

ፈዛዛው፦ እንቅልፍ ማጣት... እህል አለመብላት... «ከመቼ ጀምሮ?»

ሊቁ፦ ድፍን ሁለት ወር!

ፈዛዛው፦ «ምን ያባብሰዋል?»

ሊቁ፦ የሰው ውሻ ማየት!

ፈዛዛው፦ «በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም ነበር?»

ሊቁ፦ አባቴም የጎረቤት መኪና ባዩ ቁጥር አልጋ ይይዙ ነበር። እኛ እኮ ክብራችንን የምንወድ ዘር ነን!

ፈዛዛው፦ [እየጻፈ] በዘር የመጣ... ጨረስኩ።

[ነርሷ ካርዱን ይዛ ገባች። ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። ተመልሳ ሐኪሙ ከጀርባው የጻፈበትን ካርድ ለሊቁ ሰጠችው። ሊቁ አራቀው፣ አቀረበው፣ መጨረሻ ላይ ለፈዛዛው ወረወረለት።]

ሊቁ፦ የቀዶ ጥገናው ሰዓት ነው። አንብበው።

ፈዛዛው፦ «ውሻውን በመስኮት አይቼዋለሁ። ጤነኛ ስለሆነ ከነጆሮው ከነጭራው ቤቱ ይግባ። የተመዘገቡት ታማሚ ግን የሰው ሐኪም ቶሎ ይያቸው። እኛ የሰውን ቅናት በውሻ ጆሮ አናክምም።»

ሊቁ፦ የምን ታማሚ? በማን ስም ነው የሞላኸው?

ፈዛዛው፦ በርስዎ ነዋ! ሕመሙ የማን እንደሆነ ራስዎ ነገሩኝ። እኔ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ሊቁ፦ ሆን ብለህ ነው! አንተ... አንተ ፈዛዛ አይደለህም!

ፈዛዛው፦ [ገመዱን ከሊቁ እጅ ቀስ አድርጎ እየወሰደ] እሱን እንኳ ካርዱ አልጠየቀኝም ጋሼ። ና ቡቺ፣ ጤነኞቹ እንሂድ።