ሽንኩርቱ ላይ የጎደለው ጭረት

ሽንኩርት በስፓኒሽ ሴቦያ ይባላል። ዛሬ እርግጠኛ ነኝ። እንዴት እርግጠኛ እንደሆንኩ ባልነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ጀመርኩት፣ ምን ይደረግ?

በደርግ ጊዜ ነው፤ ኩባውያን ወታደሮች አገራችን በነበሩበት። ናዝሬት ዳር ባለ አንድ ካምፕ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እልጥ ነበር። አትናቁኝ። ያኔ የኔ እኩያ ከመንገድ እየታፈሰ ወደ ጦር ግንባር ይጫናል። ድንች ላጭ ግን የካምፑን መታወቂያ አሳይቶ ያልፋል። ከዚህ የበለጠ ማዕረግ አለ?

ሌላው ላጭ ገመቹ ነበር፤ የዝዋይ ዓሣ አጥማጅ ልጅ። አንድ ቀን የወጥ ቤቱ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃው፣ ጠራን። ከሁለታችን አንዱ ብቻ ከኩባዊው ምግብ አብሳይ ከራሞን ጋር ይሆናል፤ እሱም የወጥ ቤቱን ስፓኒሽ የቻለው ነው አለ። ሌላው መታወቂያውን ይመልሳል ማለት ነው ብለን ተረዳን። ከዚያ በኋላ መንገዱ፣ ከዚያ አፈሳው።

እኔ ደብተር ገዛሁ። ሦስት ዓምድ አሰመርኩ። አንዱ ለአማርኛው፣ አንዱ በፊደላችን ለተጻፈው ስፓኒሽ፣ ሦስተኛው ለጭረት። ራሞን አንድን ቃል ሲጠራ በሰማሁ ቁጥር አንድ ጭረት። ሦስት ጭረት ያልሞላ ቃል ከአፌ አይወጣም። ገመቹ ደብተር የለውም። ራሞን ጨው ሳል ነው ሲለን አፉን ሸፍኖ ሳለ፤ ከዚያ ወዲህ ጨው ሲፈልግ ይስላል፣ ራሞንም እየሳቀ ያቀብለዋል።

ድንች እየላጥን ከደብተሬ አስጠናው ነበር። ተፎካካሪን ማስጠናት ምን የሚሉት ነው? እሱ ሲደግም እኔም እደግማለሁ ብዬ ነው። ስሌት እንጂ ደግነት አልነበረም። ስለ ጭረቶቼ ግን ይቀልድብኛል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰማይ ቤት ስምህን ቢጠይቁህ ‹አጣርቼ ልምጣ› ነው የምትለው» ይለኛል።

የፈተናው ቀን ሃምሳ አለቃው ዕቃ እያነሳ ጠየቀን። በድስት፣ በቢላዋ፣ በሩዝ እኩል ሄድን። ከዚያ ሽንኩርት አነሳ።

ሽንኩርት ሁለት ጭረት ብቻ ነበረው። ራሞን ራሱ ስለሚከትፈው ስሙን የሚጠራበት ምክንያት አልነበረም። ቃሉ ምላሴ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ጭረት ግን የለም። አቀርቅሬ ሳሰላስል ገመቹ «ሴቦያ» አለ። እኔው ያስጠናሁትን።

አለቀ። ወደ ድንቼ ተመለስኩ። ገመቹ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለ።

«አይዞህ ወንድሜ። ለራሞን ሁለት ሰው ያስፈልግሃል እለዋለሁ።»

«በየትኛው ስፓኒሽ?» አልኩት።

«ሁለት ሽንኩርት እለውና አንተንና እኔን አሳየዋለሁ።»

መታወቂያዬን ገና ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በአራተኛው ቀን የጭነት መኪናዎች መጡ። የኩባውያኑ ወጥ ቤት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ግንባር ሊዛወር ነው። ራሞን ይሄዳል፤ ቋንቋውን የቻለው ረዳቱም ይሄዳል። ካምፑ ውስጥ የሚቀሩት የኛ ወታደሮች ናቸው። እነሱም ድንች ይበላሉ፤ ድንቹም ላጭ ይፈልጋል።

ገመቹ መኪናው ላይ ወጥቶ ደብተሬን ለመነኝ። ሰጠሁት። እንዳይረጥብ ብዬ አደራ አልኩት። አዎ፣ ስለ ደብተሩ ነበር ያልኩት።

ከወራት በኋላ ራሞን ክንዱን በፋሻ አስሮ ብቻውን ተመለሰ። ደብተሬን የድንቹ ጆንያ ላይ አኖረልኝ። ልጠይቀው ፈለግኩ። ድስት እችላለሁ፣ ቢላዋ እችላለሁ፣ ጨው እችላለሁ። «የት ቀረ?» የሚለው ግን የወጥ ቤት ቃል አይደለም፤ አልጻፍኩትም ነበር። ራሞን አየኝና አንገቱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ለዚያ ቃል አላስፈለገም።

ደብተሩ አልረጠበም። ገለጥኩት። ሽንኩርቱ አጠገብ፣ ከሁለቱ ጭረቶቼ ቀጥሎ፣ በከሰል የተሠመረ ሦስተኛ ጭረት አለ። የኔ እጅ አይደለም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። ታሪኩን የሰማ ሁሉ ጥርጣሬህ አተረፈህ ይለኛል። እኔ የጠረጠርኩት ግን መኪናውን አልነበረም። ሽንኩርቱን ነው።