ኦቦ አብዱልሃዲ እና በቀን የምትበራው አምፖል

አገር ያለ ገንዘብ ሚኒስትር ሊያድር ይችላል፤ ሰፈር ግን አያድርም። ማንም ሳይሾመው የመንግሥት ብር የት እንደገባ የሚነግርህ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ አሳዩኝ። የኛ ሰፈር የጊንጆ ክቡር ሚኒስትር ልብስ ሰፊው ኦቦ አብዱልሃዲ ናቸው።

ባጃጄ ላይ ተሳፍረው ትራፊክ ካስቆመን፣ «ልጄ፣ ደሞዝህን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ቶሎ በል!» ይሉታል። ጉድጓድ ስገባ ደግሞ ቁጣው ወደ እኔ ነው፦ «ቀስ! በኔ ግብር የተሠራ ጉድጓድ ነው!» አንዴ ከደዶ ድንች ይዛ ከመጣች ሴትዮ ሩብ ኪሎ ገዝተው «ደረሰኝ!» አሏት። ሴትየዋ የድንች በሽታ መስሏት፣ «ወላሂ የለበትም!» ብላ ማለች።

ዋናው ጠላታቸው ግን ሱቃቸው ፊት ያለችው የመንገድ መብራት ነበረች። ፀሐይ አናት እየበሳ እሷም ትበራለች።

«የበጀት ጉድለቱን አዲስ አበባ ይፈልጉታል፤ እዚህ ተሰቅሎ!»

ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከቢሮ ቢሮ ተመላለሱ። በመጨረሻ መሰላል የያዘ ሰው መጣ። ማብሪያ ማጥፊያውን ይጠግናል ስንል ሽቦውን ቆረጠው።

«ለጥገና በጀት የለም፤ መቁረጥ ነፃ ነው» ብሎን ወረደ።

ማታ ናኢማ ከሰሏንና መጥበሻዋን ይዛ መጣች። እዚያች መብራት ሥር ሳምቡሳ ጠብሳ ነው ልጆቿን የምታሳድገው። ቀና ብላ አየች።

«ኦቦ፣ አሁን ምኑን ልጥበስ? ሳምቡሳውን ወይስ እጄን?»

ሚኒስትራችን ሜትራቸውን አጥፈው ሱቃቸው ገቡ። በጨለማ የተጠበሰ ማን ይገዛል? ሳምንት ሳይሞላ ናኢማ ጓዟን ጠቅልላ ሸቤ ከተማ ያለች እህቷ ጋ ልትገባ ነው ተባለ።

በማግስቱ ስመጣ ኦቦ ወንበር ላይ ቆመዋል። ከራሳቸው ቆጣሪ ሽቦ ስበው ደጃፉ ላይ አምፖል ይሰቅላሉ።

«ኦቦ፣ ጉድለት ውስጥ አይገቡም?» ስል ነካኳቸው።

«ዝም በል አንተ ባለጌ! ጉድለት የሚባለው ብሩ የት እንደገባ ሲጠፋ ነው። ይሄ ይኸው፣ ዘይት ውስጥ ሲንጫጫ ይሰማል!»

ናኢማ ልታመሰግን አፏን ስትከፍት፣ «ድጎማ ነው፤ ጥበሽ!» አሏት።

ባለፈው ማክሰኞ ግን የሰፈሩ መብራት በሙሉ ድርግም አለ። ኦቦ መሐል መንገድ ገብተው ባጃጄን አስቆሙ።

«አዙራት! መብራቷን መጥበሻው ላይ አብራ!»

«ነዳጁስ ኦቦ?»

«በብድር ያዘው።»

«ወለዱስ?»

«አስተግፊሩላህ! ሐራም አታናግረኝ!»

ሳቄን ውጬ አዞርኳት። በነጋታው ጠዋት ብሩን ይዘው መጡ፤ ሰውየው ዕዳ አያቆዩም። እኔ ግን ሞተር አስነስቼ አመለጥኩ። አሁንም ባዩኝ ቁጥር «ና ተቀበል!» እያሉ ያባርሩኛል፤ እኔም እሸሻለሁ። አገር ሁሉ ዕዳውን ይክፈል፤ እኚህ ሰውዬ ግን የኔን ሳይከፍሉ ይኑሩልኝ።