የናኦሚ ማንበቢያ እስኪጣራ

ሰው በሁለት ይከፈላል፤ ገዝቶ የሚጸጸትና ሳይገዛ የሚያረጅ። ሁለተኛው ዓይነት ሰው የሌለበት ግቢ የለም። እኛ ግቢ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ገና አልተዋወቃችሁም ማለት ነው። ይህ ሰው አንድ ሀብሐብ ለመግዛት የገበያውን ሀብሐብ ሁሉ ያንኳኳል። ጫማ ሲለካ ከሱቁ ጫፍ እስከ ጫፍ ተራምዶ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ ተነሥቶ፣ እንደገና ተራምዶ፣ በመጨረሻ የመጣበትን አሮጌ ጫማ አጥልቆ ይወጣል። ሻጩ ጫማዎቹን ወደየካርቶናቸው ሲመልስ እሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ቆይ፣ ይጣራ" ይላል።

የእነዚህ ሰዎች ሁሉ አለቃ የሚኖሩት ቴክሳስ ውስጥ ዩለስ በምትባል ከተማ፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወሬ በሚቋረጥበት በእኛ ግቢ ነው። ክቡር ሊቀ መራጮች ሙሉጌታ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በሰጠኋቸው ዕለት አመሰገኑኝና ሌላ አማራጭ ማዕረግ እንዳለ ጠየቁኝ። እንግዲህ እኩያዬና የሥራ ባልደረባዬ ስለሆነ ከዚህ በኋላ "እሱ" እለዋለሁ። ሁለታችንም መንገደኛን ከመኪና ማቆሚያው ወደ ኤርፖርቱ የሚያመላልስ አውቶቡስ በማታ ተራ እንነዳለን።

ሙሉጌታ የገዛውን ዕቃ ላስቲክ አያወልቅም። "ብመልሰውስ?" ይላል። ሶፋው ከነላስቲኩ ስለሆነ እንግዳ በተቀመጠና በተነሣ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። የቴሌቪዥኑ ካርቶን ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቃል። ባለቤቱ አይናዲስ ይህን ሁሉ ስትታዘብ ኖራ አንድ ቀን፣ "እኔንም ይመልሰኝ ነበር፤ አባቴ ደረሰኝ ስላልሰጠው ነው" አለችን።

ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ነገር ብቻ ሳያጣራ አድርጓል። ዘንድሮ፣ በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት፣ የካቲት መጨረሻ ላይ የልጁ የናኦሚ አስተማሪ ጠራችው። ናኦሚ ስድስት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ወሬዋ አያልቅም፤ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ቃል አይወጣትም። አስተማሪዋ በትሕትና፣ ልጅቷ ፊደል እንዳልያዘች፣ ዓመቱን ብትደግም እንደሚሻላት ነገረችው። ሙሉጌታ በዚያች የሕፃናት ወንበር ላይ ተኮራምቶ ሲሰማ ቆየ። ከዚያ በመስኮቱ አሻግሮ የትምህርት ቤቱን ግቢ ሲያይ ናኦሚ ብቻዋን አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ተነሥቶ እጇን ያዘና ወደ ቤት ወሰዳት፤ በዚያው አልመለሳትም።

ማታ አይናዲስ ከምትሠራበት ነርሲንግ ሆም፣ ከአረጋውያን መጦሪያው፣ ስትመጣ እኔ እዚያው ነበርኩ።

"ሙሌ፣ ሶፋ ለመግዛት ሁለት ዓመት የፈጀብህ ሰውዬ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ለማስወጣት ግማሽ ቀን በቃህ?"

"ሶ ምን ላድርግ? ብቻዋን ቆማ አየኋት። ሆምስኩል የሚባል ነገር አለ። አብሮኝ የሚሠራ ፈረንጅ ሰባት ልጆቹን ቤት ነው የሚያስተምረው። ሕጉ ይፈቅዳል፤ አጣርቻለሁ።"

አይናዲስ አልጮኸችም። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ "ማንበብ የማይችል ሰው እዚህ አገር ምን እንደሚሆን ሥራዬ ላይ በየቀኑ አያለሁ" አለች። "ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይፈርማል። ሰው በሰጠው ቦታ ይቀመጣል። ልጄ እንደዛ አትሆንም። ሶ፣ ኦገስት ትምህርት ቤት እስኪከፈት ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ማንበብ ከቻለች ትቆያለች። ካልቻለች ትመለሳለች፤ ድገሚ ካሏትም ትደግማለች።" ሙሉጌታ እሺ አለ።

እንግዲህ ለናኦሚ ማስተማሪያ መምረጥ ተጀመረ። እንዲህ ያለው ማስተማሪያ ፎኒክስና ላንጉጅ አርትስ ይባላል። የመጀመሪያው ፊደሉን በድምፁ አስተምሮ፣ ድምፅን ከድምፅ እያጋጠሙ ማስነበብ ነው፤ ሁለተኛው ንባቡንም ጽሕፈቱንም ሰዋስውንም ይጠቀልላል። ይህን ያወቅኩት ከሙሉጌታ ነው፤ ሳልፈልግ።

ግንቦት ላይ ጎረቤታችን በሆነችው ከተማ፣ አርሊንግተን ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ለእንዲህ ዓይነት ወላጆች የመጻሕፍት ትርኢት ነበር። ብዙ ዕቃ የምትይዝ መኪና ስላለችኝ ይዞኝ ሄደ። ረጃጅም የጂንስ ቀሚስ የለበሱ እናቶች መጽሐፍ በጋሪ ይገፋሉ። አንዱ ሻጭ ፊደሉን በካሴት ዘፈን ያስተምራል። ሌላው በካርድ፣ ሌላው አሸዋ ላይ በጣት እያስጻፈ። አንዷ ደግሞ ፎኒክስ ምን ያደርጋል፣ ልጅቷን መጽሐፍ ውስጥ ዝፈቋት፣ ቃሉን በመልኩ ትለየዋለች ባይ ናት። ሙሉጌታ ሁሉንም በእኩል ጥርጣሬ ሰማቸው።

"የራስሽ ልጅ በዚህ ነው የተማረችው?" ይላል።

"አዎ።"

"ጥሪያትና ታንብብልኝ።"

አንዷ እናት እውነትም ልጇን ከጠረጴዛው ሥር ጠራቻት። ልጅቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ ከላይ እስከ ታች አነበበችለት። ሙሉጌታ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ ዲያቆን እንደሚፈትን ጳጳስ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። "ጎበዝ ናት" አለ ሲያበቃ። "ግን በፕሮግራሙ ይሁን በተፈጥሮዋ እንዴት ይታወቃል?" ሴትዮዋ ሣቀች፤ እሱ አልሣቀም። ሰፊዋ መኪናዬ ባዶዋን ተመለሰች።

ከዚያ በነጻ የስልክ መስመር መደወል ተጀመረ። ኦሃዮ ያለች አንዲት ሻጭ ድምፁን ለይታ "ሃይ ሙሉጌታ፣ ናኦሚ እንዴት ናት?" እስከማለት ደረሰች። የናሙና ትምህርቶች በፖስታ መጡ፤ በናኦሚ ላይ ከመሞከራቸው በፊት በእኔ ላይ ተሞከሩ። ሥራ ልንገባ ስንል እኔን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የንብ ሥዕል ያሳየኛል፤ የንቧን ድምፅ ካላሰማሁ አንሄድም። ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነው። ናኦሚ እስከዚያው ካርቱን ታያለች።

አይናዲስ ሰኔ መግቢያ ላይ ከምርጫው የቀሩትን የማስተማሪያ ማስታወቂያዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና፣ "ዛሬ ካልመረጥክ ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴ ያረፈበትን እገዛለሁ" አለችው። ዓይን ጨፍኖ መግዛት ለሙሉጌታ ከውንብድና አይለይም። ደንግጦ መረጠ።

ዕቃው መጣ። "ካልወደዱት ይመልሱ" የሚል ዋስትና ስለነበረው ካርቶኑን እንደገና ሊታሸግ በሚችል መንገድ በምላጭ ከፈተው። ካርዶቹ ከነላስቲካቸው ተቀመጡ። ማንበቢያውን መጽሐፍ እጁን ታጥቦ ይይዛል፤ ጀርባው እንዳይሰበር ግማሽ ብቻ ይከፍታል፤ ናኦሚ እንዳታቆሽሸው ከጠረጴዛው ማዶ ትቀመጣለች። እሱ ይላል፤ እሷ ትቀበላለች። እሱ ይላል፤ እሷ ትቀበላለች። ሙሉጌታ ደብረ ታቦር የኔታ ፊት ተቀምጦ የተማረው እንዲህ ነበር፤ ሌላ መማሪያ መንገድ መኖሩን ያን ሁሉ ፕሮግራም ሲያጣራ ከርሞ እንኳ ልቡ አልተቀበለውም። ጠዋት ጠዋት በበራቸው ሳልፍ የአባትና የልጅ ድምፅ ሲቀባበል ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ናኦሚ መጽሐፉን ጨረሰች። ሙሉጌታም ቅዳሜ ከሰዓት ኑና ስሙ ብሎ ግቢውን ጋበዘ።

ሶፋው እየተንኮሻኮሸ ተቀመጥን። የግቢያችን ትልቅ ሰው እማማ እማዋይሽ ናኦሚን አጠገባቸው አስቀመጧትና መጽሐፉን እኔ ልያዝልሽ አሉ። ታሪኩ ባርኔጣ ስላጠለቀ አንድ አሳማ ነው። ናኦሚ አንዱን ገጽ አንብባ ስታበቃ እማማ ይገልጣሉ። ጥርት ያለ እንግሊዝኛ። ሙሉጌታ ግድግዳውን ተደግፎ ከንፈሩ ከሷ ጋር ይንቀሳቀሳል። እማማ አንድ ጊዜ ሁለት ገጽ በአንድ ላይ ገለጡ። ሥዕሉ ጀልባ ሆነ፤ አሳማውም ባርኔጣውም የሉም። ናኦሚ ግን ስለ ባርኔጣው ቀጠለች። የተዘለለውን ገጽ አንድ ቃል ሳታጎድል ወረደችው።

"እሰይ! እደጊልኝ!" አሉ እማማ። የእንግሊዝኛው ፊደል ለሳቸው እንግዳ ነው፤ ምንም አላዩም። ሌሎቻችን አየን። ጭብጨባው ሳይሞላ ቀረ።

አይናዲስ የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች። መጽሐፉን ከእማማ እጅ ተቀብላ መሀሉን ከፈተችና አንድ ቃል ላይ ጣቷን አሳረፈች። "ናኦሚዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ናኦሚ መጽሐፉን አላየችም። የአባቷን አፍ አየች።

ሙሉጌታ አፉን አልከፈተም። ፊቱን ማየት ስላልቻልኩ ጫማዬን ሳይ ቆየሁ። አይናዲስ ልጇን አቅፋ ሳመቻት፤ "ጎበዝ፣ ሁሉንም በቃልሽ ይዘሻል" አለቻት፤ ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ "ኦገስት ላይ ትመዘገባለች" አለችና ወደ ኩሽና ገባች። እንግዶቹ አንድ በአንድ ወጣን።

በማግስቱ ለሥራ ልወስደው ስሄድ ጠረጴዛው ላይ መቀስ ይዞ አገኘሁት። የካርዶቹ ላስቲክ ተቀድዶ መሬት ላይ ወድቋል። መጽሐፉ ጀርባው ተሰብሯል። ገጾቹን እየገነጠለ፣ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እየቆረጠ ድስት ውስጥ ይጨምራል።

"ሙሉጌታ፣ ይሄ እኮ አሁን አይመለስም" አልኩት።

"አይመለስም" አለ፤ መቀሱን አላቆመም። "ድምፄን ነው ያስተማርኳት። ማለቴ፣ እንዳታቆሽሸው ብዬ ፊደሉን አላሳየኋትም። ልጄ ሊመለስ ለሚችል መጽሐፍ ስል ከጠረጴዛ ማዶ ተቀመጠች።" በዚህ ሰው ስንት ጊዜ ቀልጄበታለሁ፤ ያን ቀን ግን አንጀቴን በላው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ናኦሚ አባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ከድስቱ ቃል ታወጣለች። ከየትኛው ገጽ እንደመጣ ስለማይታወቅ በቃል መያዝ አይሠራም። ሙሉጌታ ደግሞ አፉን እንዳታይ በመዳፉ ይሸፍናል። ልጅቷ ገምታ አንድ ነገር ብላ ቀና ስትል፣ ከመዳፉ ሥር "ቆይ፣ ይጣራ" ይላታል። ጣቷን ይዞ ከመጀመሪያው ፊደል ያስጀምራታል። ወረቀቶቹ ቅባትና ጭማቂ ጠጡ። አንዳንድ ቀን አልቅሳ ትነሣለች። አንዳንድ ቀን እሱ ይነሣል።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በግቢው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አራታችን ተገናኘን። ሙሉጌታ የሥራ ልብሱንና የቤቱን አንሶላ ሁሉ አንድ ማሽን ውስጥ ጠቅጥቆ ክዳኑን በክርኑ ይጫናል። አይናዲስ ናኦሚን አንሥታ ሌላ ማሽን ላይ አስቀመጠቻትና ከአጠገቧ ባለው ማሽን ክዳን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳየቻት። ከየትኛውም መጽሐፍ አልመጣም፤ ከየትኛውም ድስት አልወጣም።

"አንብቢልኝ።"

ናኦሚ ወደ አባቷ ዞረች። ሙሉጌታ አፉን በሁለት እጁ ሸፍኖ ጀርባውን ሰጣት።

"ማሚ፣ ቆይ" አለች፤ በዚያች ፈረንጅኛ በተቀላቀለባት አማርኛዋ። "ይጣራ።"

ጣቷን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፈች። ማድረቂያው ይጮኻል፤ ከላይ አውሮፕላን ያልፋል። "ዱ... ናት..." አለች። ቀጣዩ ረጅም ቃል ነው። ጀመረችው፣ ተሳሳተች፣ ወደ መጀመሪያው ተመልሳ እንደገና አንድ በአንድ አጋጠመችው። "ኦ... ቨር... ሎድ። ዱ ናት ኦቨርሎድ።" ለጥቂት ጊዜ አሰበች። ከዚያ አባቷ ወደጠቀጠቀው ማሽን ዞራ፣ "ዳዲ! አይቻልም! በጣም ሞላ! አውጣ!" አለችው።

አይናዲስ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "ሙሌ፣ ልጅህ ያለችህን ሰምተሃል?" አለች። "አውጣ እንጂ።"

ሊቀ መራጮች ሙሉጌታ ክዳኑን ከፍቶ አንድ ሸሚዝ አወጣ። በዚያው ባልታጠበ ሸሚዝ ፊቱን ሸፍኖ ቆመ። "ትቆይ?" አለ ከሸሚዙ ሥር።

"ትቆይ" አለች አይናዲስ።

ናኦሚ አሁን የመንገዱን ምልክት ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፤ አባቷም ለሚቀጥለው ዓመት ማስተማሪያ ከወዲሁ ኦሃዮ እየደወለ ነው። እኔና ባለቤቴ ደግሞ በታኅሣሥ የመጀመሪያ ልጃችንን እንጠብቃለን። ዜናውን መጀመሪያ የነገርኩት ለሙሉጌታ ነው፤ የሕፃኑን አልጋ እሱ እንዲመርጥልኝም ለምኜዋለሁ። ባለቤቴ አብደሃል አለችኝ። እስካሁን በየሱቁ እየዞረ የአልጋ እግር ያነቃንቃል፤ ፍራሽ ላይ ጉንጩን አስተኝቶ ይሞክራል። ልጁ ቢደርስ አልጋው እንደማይደርስ እኔም አውቃለሁ። እስኪጣራ አቅፈን እናስተኛዋለን።