አምስተኛዋ ኮከብ

ስለ ሴቶች ሥራ በስብሰባ ላይ ሲወራ የማያጨበጭብ ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ያው አጨብጫቢ ግን ሴት መሪ ጨብጣ ስትመጣለት እጁን ወዴት እንደሚያደርገው እኔን ጠይቁኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ከጓደኛዬ ከታደሰ ጋር ጊዮርጊስ አጠገብ ማኪያቶ ጠጥተን ወጣንና፣ ታደሰ ወደ ለገሃር የሚያወርደን መኪና በስልኩ ጠራ። ስልኩ ሠናይት የምትባል ሾፌር እየመጣች ነው ሲለው፣ ጣቱን እሳት የነካው ይመስል ሰረዛት። ምነው ብለው፣ ቸኩያለሁ አለኝ። ቸኩሎ! በአንድ ማኪያቶ አንድ ሰዓት ተኩል የተጎለተ ሰው! ደሜ ፈላ። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት፤ እሱ አኩርፎ ወደ ታክሲ ተራ ሲሄድ እኔ በራሴ ስልክ ጠራሁ። የመጣችውም ያቺው ሠናይት ሆነች።

ጋቢና ገባሁና በሩን ሳልዘጋ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ በወንዶች ሁሉ ስም። ለምጄዋለሁ አለች። ፒያሳ ትሠራበት የነበረው ሱቅ ሲፈርስ የወንድሟን መኪና ይዛ ወጣች፤ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገውም በዚችው ነው። ከሚሰርዟት ይልቅ የሚብሱባት፣ በሰላም አድርሳቸው «ለሴት ደህና ትነጃለሽ» ብለው፣ ተሳፋሪ በስልኩ ለሾፌር ከሚሰጠው አምስት ኮከብ የሚቀንሱባት ናቸው። ነጥቧ ወርዶ ጫፍ ላይ ስለደረሰ፣ አሁን አንድ ሰው እንኳ ከአምስት ካሳነሰባት ሥራውን የሚልክላት ድርጅት ያግዳታል።

ለሴት ደህና ማለት ምን ማለት ነው? ፍሬን ፆታ ይለያል እንዴ? ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ስንወርድ ስለ እኩልነት ያደረግሁት ንግግር፣ ቢቀረጽ ኖሮ ለትውልድ የሚተርፍ ነበር። እሷ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ትነዳለች። አነዳዷን ካላችሁኝ፣ እንከን የለውም።

ለገሃር ስንቆም አምስት ኮከብሽን እንደተቀበልሽ ቁጠሪው አልኳት። ፈገግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ደርሰናል እኮ፤ አሁን እግርዎን ከፍሬኑ ላይ ያንሱት» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ቀኝ እግሬ ምንጣፉን በስቶ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ቀኝ እጄም ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ አንቆ ይዞታል።

እንዲህ ይባላል? በአባቷ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ያውም ለእሷ ሲል ከጓደኛው የተጣላ! ወንድ ሾፌር ቢለኝ ኖሮ ስቄ እወርድ ነበር፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

አራት ሰጠኋት። አምስተኛዋን ያስቀረሁባት በሴትነቷ እንዳይመስላችሁ፤ በአፏ ነው።