ሰይድ የጠጣልን ወተት

ወተት ጠጥቶ የሚፈርም ሠራተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ መርሳ ስትደርሱ አስፋልቱ ዳር ወዳለው የሐጂ ይማም ባትሪ ቤት ጎራ በሉ። አሁን እንኳ መፈረሙን ትተነዋል። ግን ለዓመታት ጠጥተን ፈርመናል። የመዝገቡ ኃላፊ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ለምን እኔ? ጽሕፈትህ ያምራል ተብዬ ነዋ። ባልደረባዬ ደባልቄ ሲጽፍ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ሦስተኛው ጓዳችን ሰይድ ደግሞ እጁ ከሥራ አይለይም።

ሥራችንን ላስረዳችሁ። የደከመ የባጃጅና የመኪና ባትሪ ይመጣልናል። እንፈታዋለን፤ ከሆዱ ውስጥ እርሳሱን እናወጣለን። የሚጻፍበትን አይደለም የምላችሁ፤ ያንን ከባዱን ብረት ነው። በብረት ድስት እናቀልጠዋለን፣ አቅልጠንም መልሰን ባትሪ እንሠራበታለን። ሲቀልጥ ይጨሳል። ጭሱም አቧራውም መርዝ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። መድኃኒቱንም እናውቃለን፦ ወተት! ወተት መርዝ ያረክሳል። በያጁን ጠይቁት፣ ቀለም ቀቢውን ጠይቁት፣ ይህንኑ ይላችኋል። ማን እንደነገረን ግን አንዳችንም አናውቅም።

መዝገቡ እንዴት መጣ መሰላችሁ? አንድ ጊዜ ከወልድያ የሥራ ቦታ ተቆጣጣሪ መጣ። ሠራተኛውን ከእርሳስ ለመጠበቅ የምታደርጉትን ሁሉ በየቀኑ መዝግቡ አለንና በመጣበት ሚኒባስ ተመለሰ። ሐጂ ሕግ አክባሪ ሰው ናቸው። የዚያኑ ዕለት ደብተር ገዝተው መጡ። ለመሆኑ ምን እናደርጋለን? ወተት እንጠጣለን። እንግዲያውስ እሱን ጻፍ አሉኝ። በማስመሪያ አሰመርኩት፦ ስም፣ ወተት፣ ፊርማ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? የእኛም ወረቀት ወተት እንደያዘ ቀረ።

ወተቱ በየጠዋቱ ከግራና ከተማ በኩል ትኩስ ይመጣል። ነገር ግን ጾም አለ። እኔና ደባልቄ ክርስቲያን ነን። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት አለ። ዓመቱን ገልጣችሁ ብታዩት ከፍስኩ ጾሙ ይበዛል። ታዲያ በጾም ቀን የእኛን ወተት ማን ይጠጣ? ሰይድ አራጋው ሙስሊም ነው። የእኛንም ድርሻ "ቢስሚላህ" ብሎ ይጨልጥልናል። ፊርማውን ያኖራል። እግዜር ይስጠው እንላለን፤ እሱም አሚን ይላል።

እዚህ ላይ ደባልቄ አንድ ሐሳብ አመጣ። ደባልቄ ሰነፍ ነው አልልም፤ ግን ሐሳብ የሚመጣለት ሥራ ሲመጣ ነው። ወተት ያልጠጣ ሰው እሳቱ ላይ ቢቆም ግፍ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። እውነት ነው፣ ግፍ ነው። ሐጂም አሰቡበትና ሐቅ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ደንባችን ቀጥ ያለ ሆነ፦ የጠጣ ይቁም። በጾም ቀን ሰይድ ይጠጣል፤ ሰይድ ይቆማል። እኔና ደባልቄ በር ላይ ሆነን ባትሪ እንቀበላለን።

በረመዳን እኛ ልንተካው ተስማምተን ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ገጠመ! እሱም አይጠጣ፣ እኛም አንጠጣ። ባትሪ ደግሞ ጾም አያውቅም። ሐጂ ግራ ገብቷቸው ቆዩና እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ "እናንተ እስከ ፋሲካ ወተት በአፋችሁ አይዞርም። ሰይድ ግን ለማፍጠሪያው ይጠጣል። ስለዚህ እሱው ይቁም።" ከዚህ የበለጠ ፍርድ ከየት ይመጣል? ድርሻችንን በላስቲክ ጠርሙስ እየሞላን ለማፍጠሪያ ወደ ቤቱ እንልክለት ጀመር። ሲነጋ መጥቶ ይፈርማል።

ሰይድ ታመመ።

መጀመሪያ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። ቀጥሎ ሽንት ቤት መሄድ አቃተው። ከዚያ ያ ዝንብ የማይቆጣ ሰው በትንሽ በትልቁ ይነጫነጭ ያዘ። ደባልቄ ኮሶ ነው አለ። ሐጂ ጥቁር አዝሙድ በማር አዘዙ። እኔስ? እኔ የመዝገብ ሰው ነኝ፤ ወተቱ አንሶት እንዳይሆን አልኩ። ጨመርንለት። እሱ ይታመማል፣ እኛ እንጨምራለን፣ እሱ ይጠጣል፣ ይቆማል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይላል ያጣ ሰው። የእኛን ጉድ ግን ተረትም አልደረሰበትም፤ ወተቱን እያየነው ሰውየው ያልቅ ነበር።

አንድ ቀን የቀለጠ እርሳስ የያዘ ጭልፋ ከእጁ ወደቀ። እግሩን ለጥቂት ሳተው። እጁን ዘርግቶ ሊያነሳው ሞከረ፤ እጁ እንቢ አለው። ያኔ ፈራሁ። ሰይድ ሊሞትብን ነው አልኩ። ትንሽ ልጅ አለችው፤ ገና ዳዴ ትላለች። ሐጂ ዱዓ እያደረጉ በሚኒባስ ወልድያ ወሰድነው። ሐኪሙ የትኛውም ቦታ ሳይነካው አስቀድሞ ሥራህ ምንድን ነው አለው። ሲነግረው ፊቱ ተለወጠ። ደሙን ቀድቶ ወደ ሌላ ከተማ ላከ። ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። መጣ፤ ደሙን እርሳስ ሞልቶታል። መድኃኒት ተሰጠው። ከድስቱ ካልራቀ ግን መድኃኒቱ ከንቱ ነው ተባለ።

ይህን ተከትላ አዲስ ተቆጣጣሪ መጣች፣ ቀጭን ልጅ። መዝገብ አላችሁ ወይ አለችን። ተራራ የሚያህል መዝገብ በኩራት ዘረጋሁላት። ገለጠች። ገለጠች። አሁንም ገለጠች።

"ይህ ሁሉ ወተት ነው?" አለች።

"ወተት ነው ልጄ" አሉ ሐጂ። "አንድ ቀን አልተጓደለም።"

"ከሁሉ ብዙ የጠጣው ማነው?"

ሰይድ ነው አልናት።

"ከሁሉ የባሰ የታመመውስ?"

ደባልቄ ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሐጂ ብቻ "ሰይድ ነው" አሉ። ልጅቷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለን ነበር። "አባባ፣ ወተት ምግብ ነው" አለቻቸው። "እርሳስን ግን አይመልስም፤ ከሳንባም ከደምም አያወጣም። ይህ መዝገብ እናንተ የጠጣችሁትን ይናገራል፤ እኔ የምፈልገው የተነፈሳችሁትን ነው።"

ከዚያ ደንቡን አወረደችው። እሳቱ ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ወደሚወስድበት ይውጣ። ማስክና ጓንት ይኑር። ሥራ ቦታ መብላት የለም፤ ጫትም ቢሆን በዚያ እጅ አይቃምም። ከምግብ በፊት በሳሙና መታጠብ ነው። ቱታው እዚሁ ይቅር፤ ልጅ የሚያቅፍ ሰው እርሳስ ለብሶ ቤቱ አይግባ። ይህን ስትል ሰይድ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ሁላችንም በየጊዜው ደማችን ይመርመር፤ መዝገቡም ማን ስንት ጊዜ እሳቱ ላይ እንደቆመና የደሙን ውጤት ይያዝ። ሰይድ እስኪሻለው ደሞዙ ሳይነካ ከድስቱ ይራቅ። ሐጂ ሁሉንም በአንድ ቃል ተቀበሉ፤ ወተቱን ብቻ ለጉልበት ይሁናችሁ ብለው አላቋረጡም።

ሰይድ ቀስ በቀስ ዳነ። አልሐምዱሊላህ! ሁለተኛው ውጤት ሲመጣ ሐጂ አቅፈውት አለቀሱ። ከድስቱ ስለራቀ መዝገቡ ለእሱ ተሰጠ። እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ጥብቅ ሰው አይቼ አላውቅም! ሐጂን ራሳቸውን "ይታጠቡ" ብሎ ከምሳቸው አስነስቷቸዋል።

ከዚያ የማቅለጡ ተራ እኔ ላይ ወደቀ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው ነገሩ፤ በሰይድ ሳንባ ድፍን ዓመት ስናቀልጥ ጭሱ አልታየንም። ራሴ ልቆም ስል ግን ታየኝ። ከሩቅ ታየኝ። የነፋሱን አቅጣጫ ደጋግሜ ለካሁ። ማስኩን አጠበቅሁ፣ አላላሁ፣ እንደገና አጠበቅሁ። ሰይድ ሲያየኝ ቆየና ወተቱን ይዞ መጣ። "አብሽር ወንድሜ" አለኝ፤ "በል ጠጣና ቁም።"

ያች የድሮዋ ደንባችን ድንገት ትዝ አለችኝ። ያልጠጣ አይቆምም አይደል?

"ጾም ላይ ነኝ" አልኩት።

የፋሲካ ሰሞን ነበር። የበጉ ሥጋ ገና ከቤቴ አላለቀም።

"ወላሂ የእናንተን ጾም ከእናንተ ይልቅ እኔ ነኝ የማውቀው" አለኝ ጓንቱን እያቀበለኝ። "አንድም ቀን አላመለጠኝም።"